ሳል የሌለበት አዳራሽ

ይህ ነገር የደረሰው በእኔ ላይ ነው።

"እንዳትናገሪ" ተብያለሁ። የምፈርምበት ወረቀት ሳይቀር ተዘጋጅቶልኝ ነበር። አልፈረምኩም። ወረቀቱ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ... የፊርማው ቦታ ባዶውን ነው።

ስለዚህ እናገራለሁ።

ቀኑ እሁድ ነው፤ ወሩ የካቲት። ሰዓቱ ልክ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐይዋ በረዶው ላይ አርፋ ዓይን ታጠፋ ነበር። ጨለማ ቢሆን ኖሮ "ተሳስቼ ይሆናል" ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። ግን ሁሉንም ያየሁት በጠራራ ፀሐይ ነው።

ቦታው ኔብራስካ ውስጥ ዌስትሊን የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ከዩኒቨርሲቲያችን የሁለት ሰዓት መንገድ ትርቃለች። አንድ የእህል ጎተራ፣ አንድ ትምህርት ቤት... ሌላው ሜዳ ነው።

ኢዳ እባላለሁ። የዩኒቨርሲቲው ኳርቴት፣ የአራት ሰው የሙዚቃ ቡድን፣ ሁለተኛ ቫዮሊን ተጫዋች ነኝ።

አራት ነን። አንደኛ ቫዮሊን ጎርደን ፕሮሃስካ ነው፤ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ቡድኑን የመሠረተውም እሱ ነው። ቼሎውን፣ ተቀምጠው በጉልበት መሃል ይዘው የሚጫወቱትን ትልቁን ባለክር፣ የሚጫወተው ሌላንድ ነው፤ ትልቅ ሆድ፣ ትልቅ አፍ፣ ከሁለቱም የሚበልጥ ልብ ያለው ሰው። ከቫዮሊን ትንሽ ከፍ የምትለውን ቪዮላ የምትጫወተው ቴስ ናት።

ቴስ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የዚያን ዓመት በረዶው ሳይጀምር የሳንባ ምች ይዟት ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኝታለች። እናቷ ሩቅ ስለነበሩ አልጋዋ አጠገብ ያደርኩት እኔ ነኝ። እያንዳንዷን ትንፋሽ ስትስብ ሰምቻለሁ። የሚቀጥለው ይመጣ ይሆን እያልኩ ቆጥሬያለሁ።

ስለዚህ የቴስ ትንፋሽ ሲነካብኝ አልወድም።

ትንፋሽ ስል አንድ ነገር ላስረዳችሁ።

ኳርቴት ውስጥ ፊት ለፊት ቆሞ እጁን እያወናጨፈ የሚመራ ሰው የለም። አንደኛው ቫዮሊን በአፍንጫው አየር ይስባል... እኛም በሳበው ልክ እንጀምራለን። ቀስ ብሎ ከሳበ ቀስ ብለን፣ ቶሎ ከሳበ ቶሎ ብለን። በቃ፣ ምልክቱ እሱ ነው።

እኔ አስራ ዘጠኝ ዓመት የጎርደንን ትንፋሽ ተከትያለሁ። ገበያ ውስጥ ከኋላዬ ሰው አፍንጫውን ሲስብ ቀኝ እጄ ብድግ ይላል። አልቀልድም፤ አንድ ጊዜ እንቁላል ጥሎብኛል።

ለማንኛውም...

በዚያ ዓመት አዲሷ ዲናችን አስጠርታን ነበር። "እስከ ግንቦት አዳራሹን ካልሞላችሁ፣ ኳርቴት የሚባል ነገር አይኖርም" አለችን። ፈገግ ብላ ነው ያለችው።

አዳራሻችን ሦስት መቶ ወንበር አለው። ሃያ ሰው ከመጣ ለእኛ በዓል ነው። ከሃያዎቹ አንዱ ደግሞ ኤልመር ነው፤ ጡረታ የወጣ የአፈር ተመራማሪ። አንድም ኮንሰርት ቀርቶ አያውቅም። ቀስ ያለው፣ ልብ የሚነካው ክፍል እስኪደርስ ይጠብቅና... ኡሁ! ኡሁ! ይስላል።

ጎርደን በዚያ ሳል ይታመም ነበር። እኔም ከመድረክ ላይ ሆኜ ኤልመርን ስንት ጊዜ እንደገላመጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሰው ካልመጣልን እኛ ወደ ሰው እንሄድ ነበር። የጎርደን ደንብ አንድ ናት፤ የጠራንን ሁሉ እንሄድለታለን። እስር ቤት ተጫውተናል። የአረጋውያን ቤት ተጫውተናል። የከብት ጨረታ ቤት ውስጥ ስንጫወት አንድ ወይፈን ከሰዎቹ በተሻለ አዳምጦናል።

ታዲያ በጥር መጨረሻ አንድ ፖስትካርድ መጣ። በእርሳስ የተጻፈ።

"ስልሳ ነን። ሁላችንም እንመጣለን። ዌስትሊን፣ ትምህርት ቤቱ። አናስቸግርም።"

የላኪ ስም አልነበረውም።

ጎርደን ፖስትካርዱን ደረት ኪሱ ከተተው። እስከ እሁድ ድረስ አላወጣውም።

...

ወደ ትምህርት ቤቱ ስንታጠፍ መጀመሪያ የነቃው ሌላንድ ነው።

"ጎርደን" አለ ከኋላ ወንበር። "ስልሳው ሰው በክንፍ ነው የመጣው?"

አየሁ። በረዶው ላይ የጎማ ምልክት የለም። መኪና ማቆሚያው ንጹሕ ነጭ ነው። አንድ መኪና የለም።

"በእግራቸው መጥተው ይሆናል" አለ ጎርደን።

"በእግር? እዚህ አገር? ሰው ፖስታ ሳጥኑ ድረስ በመኪና ነው የሚሄደው እኮ!"

ቴስ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠባትና መሀረቧን አፏ ላይ ያዘች።

የእግር ዱካም አልነበረም። ይህንን ግን ያኔ አልተናገርኩም። ለምን እንዳልተናገርኩ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ።

በሩን አንዲት አሮጊት ከፈቱልን። ግራጫ ሹራብ ለብሰዋል።

"ግቡ" አሉ። "ሁሉም ተቀምጠዋል።"

የትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ነው። የቅርጫት ኳሱ መረብ እንደተንጠለጠለ ነው። ከሥሩ ስልሳ የሚታጠፍ ወንበር... ስልሳ ሰው። ሁሉም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እኛን ያያሉ።

የጎርደን ዓይን እንባ አቀረረ። እንዲህ ሞልቶ ያየነው አዳራሽ አልነበረም።

ከመጀመሪያው ረድፍ ፊት ለፊት፣ ለብቻቸው፣ አራት ባዶ ወንበሮች ተደርድረዋል።

"እማማ፣ እነዚህ የማን ናቸው?" አለ ሌላንድ።

"የእናንተ" አሉ አሮጊቷ። "ሲደክማችሁ።"

"መጫወቻ ወንበራችን እኮ ያውልዎ፣ መድረኩ ጋ።"

"እሱማ ለመጫወት ነው" አሉና ሄዱ።

ሌላንድ ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን አነሳ። ሊቀልድ አፉን ከፈተና ተወው። ሌላንድ ቀልድ ሲተው ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

አዳራሹ ይቀዘቅዝ ነበር። ማሞቂያ የለውም። ጣቶቼን እፍ እያልኩ ቫዮሊኔን ስቃኝ፣ ከአፌ ነጭ እንፋሎት ይወጣል። ከጎርደንም፣ ከሌላንድም፣ ከቴስም።

ጀመርን። ጎርደን አየር ሳበ፣ ገባን። ፈጣን፣ ደስ የሚል ቁራጭ ነው፤ ገጠር ስንሄድ ሁሌ በእሱ እንከፍታለን። ሳንሳሳት ጨረስነው።

ጭብጨባ የለም።

ዝም ብለው ያያሉ።

"አንድ ሳል እንኳ?" አለ ሌላንድ በሹክሹክታ። "በየካቲት?"

"ዝም በል" አለ ጎርደን።

"ኤልመር ናፈቀኝ።"

ያኔ ነው ያየሁት። መጀመሪያ ምን እንደጎደለ አልገባኝም ነበር... ቀስ ብሎ ገባኝ።

ከስልሳ አፍ አንድም እንፋሎት አይወጣም።

የአንዱን ሽማግሌ ደረት አየሁ። የጎኑን ሴትዮ አየሁ። ከእሷ ቀጥሎ ያለውን ወጣት አየሁ። የአንዳቸውም ደረት አይንቀሳቀስም።

"ጎርደን" አልኩት ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ። "እንሂድ።"

"ምን?"

"አይተነፍሱም። እያቸው... አፋቸውን እይ።"

አየ። ማየቱን አይቻለሁ። ዓይኑ ከረድፍ ወደ ረድፍ ሄደና ተመልሶ እኔ ላይ አረፈ።

"ስልሳ ሰው ነው ኢዳ" አለኝ። "ስልሳ!"

ከዚያ ብድግ ብሎ ወደ ታዳሚው ዞረ።

ገጠር ስንሄድ የምናደርጋት አንዲት ጨዋታ አለች፤ የጎርደን ፈጠራ ናት። ከታዳሚው አንድ ሰው ይነሳና በጎርደን ፋንታ አየር ይስብልናል። እኛ ያንን ሰው ተከትለን ያጠናነውን ዜማ እንጫወታለን። ልጆች ያብዱላታል። እየሮጡ አየር ይስቡና እኛም ስንሮጥ በሳቅ ይሞታሉ።

"ጎርደን፣ ዛሬ ይቅር" አልኩ።

አልሰማኝም። ወይም መስማት አልፈለገም።

"አሁን ደግሞ የምትመሩን እናንተ ናችሁ!" አላቸው ፈገግ ብሎ። "አንድ ሰው ይነሳና ይተንፍስልን። እንዴትም ቢተነፍስ እንከተለዋለን። ቃሌ ነው!"

ስልሳ እጅ አንድ ላይ ተነሳ።

ጎርደን ሳቀ፤ ደስ ብሎት ነው የሳቀው። ከሁለተኛው ረድፍ አንድ የሥራ ቱታ የለበሱ ሽማግሌ መረጠ።

ሽማግሌው ቆሙ።

አየር ሳቡ...

አብረዋቸው ስልሳውም ሳቡ። ስልሳ ደረት በአንድ ጊዜ ከፍ አለ። ረጅም ነበር... ያላለቀ ረጅም። የመስኮቱ መስታወት ሲንቀጠቀጥ ሰምቻለሁ።

እጄም ታዘዘ።

የተጫወትነው ያጠናነውን አይደለም። ወረቀታችን ላይ ያለውን አይደለም። ሰምቼው የማላውቀው፣ በጣም ቀስ ያለ ነገር ነው። አራታችንም እናውቀው ነበር። ጣቴ የት እንደሚያርፍ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል። አንድም ድምፅ አልሳትንም። እንደዚያ አምሮ ተጫውቼ አላውቅም፤ ይህንንም አልክድም።

አንድ ሐረግ ባለቀ ቁጥር ስልሳው አየር ይስባሉ።

ይስባሉ... አያወጡም።

እነሱ ሲስቡ የእኔ ደረት ባዶ ይሆናል። እንፋሎታችንን አየሁት። ወደ ላይ መሄዱን ትቷል። ከአራታችን አፍ ወጥቶ በወለሉ ላይ እየተጎተተ ወደ ረድፎቹ ይሄዳል። ቀጭን፣ ነጭ፣ እንደ ክር።

ከሁሉም የቀጠነው የቴስ ነበር።

ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ዓይኗ ተከፍቷል እንጂ አያይም። እጇ ግን ይጫወታል።

አሮጊቷ ከአራቱ ባዶ ወንበሮች የመጨረሻውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

"ነይ ልጄ" አሉ በለሆሳስ። "ደክሞሻል።"

ቴስ መነሳት ጀመረች። እየተጫወተች ነው የምትነሳው።

እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጠች አትነሳም። እንዴት እንዳወቅኩ አትጠይቁኝ፤ አወቅኩ።

ደጋኔን ከክሩ ላይ ላነሳ ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። እጄ የእኔ አይደለም፤ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሰው እንዲከተል ያስተማርኩት እጅ ነው። ጎርደንን አየሁት። ዓይኑን ጨፍኖ እንባው ይወርዳል። ደስ ብሎታል።

ፈራሁ ብዬ ብነግራችሁ ታሪኩ ባማረ ነበር። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፤ አሁን ግን ተናደድኩ።

እንዴት አይነት ድፍረት ነው? ያቺ ልጅ ያንን ትንፋሽ ለማግኘት ከሞት ጋር ተናንቃለች! እነዚህ ደግሞ ቁጭ ብለው ይጠጡታል... ያውም ማጨብጨብ እንኳ የማያውቁ!

እጄን ማስቆም አልቻልኩም። ማዘግየት ግን ቻልኩ።

ለሙዚቀኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። የሁለተኛ ቫዮሊን ሥራ አለመታየት ነው። አለመቅደም፣ አለመዘግየት። ሕፃን ሆኜ በዘገየሁ ቁጥር አስተማሪዬ ጣቴን በማስመሪያ ትመታኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን ሆን ብዬ ዘገየሁ። በጥቂት... ከዚያ ትንሽ ጨመርኩ። ዜማው ተንጋደደ። አስጠላ።

ስልሳ ራስ ወደ እኔ ዞረ።

"አብረሽ ተጫወቺ!" አለ ጎርደን ዓይኑን ሳይገልጥ።

እግሬን አነሳሁና ወለሉን መታሁ። ጧ! ከዜማው ውጪ። አሁንም ጧ! መድረክ ላይ እግር መምታት እኛ ዘንድ ነውር ነው። ነውሩን ሠራሁት።

ቴስ ከወንበሩ ሁለት እርምጃ ቀርቷታል።

ያኔ ኤልመር ትዝ አለኝ።

ሳንባዬ ውስጥ የቀረችውን ከጥግ ጥግ ሰበሰብኩና ሳልኩ።

ኡሁ!

አዳራሹ ደነገጠ። ሌላ ቃል የለኝም። ስልሳው ሰው እንደተመታ ወደ ኋላ አለ።

ኡሁ! ኡሁ! ጉሮሮዬ እስኪላጥ ሳልኩ። ሌላንድ አየኝ... ገባው። ያን ትልቅ ሆዱን ይዞ አንድ ሳል ለቀቀ፣ መረቡ ተወዛወዘ።

"ይቅርታ!" ብሎ ጮኸ። "ጉንፋን ይዞኛል! ኡሁ! ወቅቱ ነው! ኡሁ!"

እንፋሎቱ ተበጠሰ። ከወለሉ ተነሳና ወደ ጣሪያው ሄደ። እጄ የእኔ ሆነ። ቴስ ወለሉ ላይ ወደቀች... ውሃ ውስጥ ቆይቶ እንደወጣ ሰው አየር ስትስብ ሰማሁ። ከዚያ ድምፅ የሚበልጥ ሙዚቃ አላውቅም።

ሌላንድ ቼሎውን ጥሎ ቴስን ተሸከማት። ቼሎውን ጥሎ! ቤቱ በእሳት ቢያያዝ ከራሱ በፊት ቼሎውን የሚያወጣ ሰው ነው።

ጎርደን አሁንም ይጫወታል። ለብቻው።

እጅጌውን ያዝኩት። "ተነስ! ተነስ ጎርደን!"

"አስራ ዘጠኝ ዓመት" አለኝ። "አሁን ነው የምታበላሺው?"

"ሊገድሏት ነበር!"

"እያዳመጡኝ ነው ኢዳ።" ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። "ማንም እንዲህ አዳምጦኝ አያውቅም... ሂዱ።"

እየጎተትኩት ነበር። ተናግሮ ሲጨርስ ግን አፉን አየሁ።

እንፋሎት አልወጣም።

እጅጌውን ለቀቅኩት። ስለዚህ ነገር ማንም ይፍረድብኝ፤ እኔ በራሴ ላይ ፈርጄ ጨርሻለሁ።

በሩ ጋ አሮጊቷ ቆመዋል። አልያዙንም። መንገድ ለቀቁልን እንዲያውም።

"ሦስቱን ወንበር እንይዝላችኋለን" አሉ።

...

ማታ የአካባቢው ፖሊስ ሄዶ አየ።

ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ አስራ አራት ዓመቱ ነው። በሩ ላይ የዛገ ሰንሰለት አለ። የስፖርት አዳራሹ ጣሪያ ወድቆ፣ ወለሉን በረዶ ሞልቶታል። ወንበር የለም። የሌላንድ ቼሎ በረዶው ላይ ተኝቷል፤ በተቆለፈ በር እንዴት እንደገባ ፖሊሱ ሊነግረን አልቻለም።

የአንድ ሰው ዱካ ነበር። ከቼሎው አጠገብ ተነስቶ ወደ ፊት ይሄዳል... አሥር እርምጃ ያህል። እዚያ ይቆማል።

ተመላሽ ዱካ የለም። ጎርደንም የለም።

በሳምንቱ ዲኗ አስጠራችን። "የመኪናችሁ ማሞቂያ ጭስ ነው" አለች። "ጭስ ሰው ያስቃዣል። ፕሮፌሰሩም ግራ ተጋብቶ በረዶ ውስጥ ጠፍቶ ይሆናል። እዚህ ጋ ፈርሙ።"

"ጭስ ቢሆን ሞተሩን ስናጠፋ እንጂ ስንሳል አይለቀንም ነበር" አልኳት።

"ኢዳ... ለራስሽ ስም አስቢ።"

"አልፈርምም።"

"እሺ። ለነገሩ ኳርቴት ሦስት ሰው አይሆንም። አልቋል።"

"እስከ ግንቦት ብለሻል" አልኳት። "ግንቦት ገና ነው።"

ቴስ ከኋላዬ ነበረች። ሐኪሟ "እረፊ" ብሏት ነበር። "ቪዮላዬን ይዤ መጥቻለሁ" አለች።

በሦስት ተጫወትን። ትንፋሹን የምሰጠው እኔ ሆንኩ። በየኮንሰርቱ መጀመሪያ ለታዳሚው የምለው አንድ ነገር አለ፤ "እባካችሁ ሳል ከመጣባችሁ ሳሉ። አትያዙት።" ሰው ይስቃል። ኤልመርን የፊት ረድፍ ልናስቀምጠው ብንለምነው "ከኋላ ይሻለኛል፣ መውጫው ይቀርበኛል" ብሎ እምቢ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ተማማልን። ስንጫወት አንቀመጥም። ሦስታችንም ቆመን ነው የምንጫወተው። ሌላንድ የቼሎውን እግር ትራክተር ጠጋኝ ዘንድ ወስዶ አስረዘመው።

የግንቦት መጨረሻ ኮንሰርታችን እሁድ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት።

ዲኗ ከመድረኩ ጀርባ እየሮጠች መጣች። ፊቷ በርቷል።

"ኢዳ! እንኳን ደስ አለሽ! ሞልቷል!"

"ምን?"

"ሦስት መቶው ሊሞላ ምን ቀረው! ከፊት ረድፍ ሦስት ወንበር ብቻ ነው የቀረው!"

ውጪ ዝናብ ይወርዳል። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። ጃንጥላ የያዘ ሰው የለም። የመተላለፊያው ምንጣፍ ደረቅ ነው።

ማንም አይስልም።

"እንቅር?" አለ ሌላንድ በሹክሹክታ።

ቴስ ቪዮላዋን አነሳች። "አዳራሹ የኛ ነው" አለች። "እነሱ ይቅሩ።"

ወጣን። ቆምን።

ፊት ረድፍ መካከል ጎርደን ተቀምጧል። የየካቲቱን ጥቁር ልብስ እንደለበሰ ነው። እጁ ጉልበቱ ላይ። ከአጠገቡ ሦስት ባዶ ወንበሮች... የአዳራሻችን ወንበር ሰው ሲነሳ ራሱ የሚታጠፍ ዓይነት ነው፤ ሦስቱም ታጥፈዋል።

ግንቦት ነው፤ አዳራሹ ይሞቃል። ከአፌ ግን ነጭ እንፋሎት ወጣ።

ጎርደን እጁን አነሳ። ሳልመርጠው ተነሳ።

አየር ሳበ። ሦስት መቶ የሚጠጋ ደረት አብሮት ከፍ አለ...

የሚያውቀውን ትንፋሽ ሰምቶ ቀኝ እጄ ሊነሳ ፈለገ። በግራ እጄ ያዝኩት።

መጀመሪያ የሳለችው ቴስ ናት። በዚያች በምታውቋት ሳንባዋ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች። ከዚያ እኔ። ከዚያ ሌላንድ። ከዚያ ከአዳራሹ ጥግ፣ ከመጨረሻው ረድፍ፣ መውጫው አጠገብ...

ኡሁ! ኡሁ!

ኤልመር!

ትንፋሹን እኔ ሰጠሁ። ጮክ ብዬ፣ እስከ ኋላ እንዲሰማ። ፈጣኑን፣ ደስ የሚለውን፣ የገጠሩን ቁራጭ ጀመርን። አንደኛ ቫዮሊን የለውም፣ ጎዶሎ ነው፣ ያስጠላል። እግሬን እየመታሁ ተጫወትኩት።

ጎርደን አልተቀመጠም። አላጨበጨበም። ዝም ብሎ እኛን እያየ፣ እጁን ወደ ጎኑ ዘርግቶ መታ መታ አደረገ።

ሦስቱ የታጠፉ ወንበሮች፣ ማንም ሳይነካቸው፣ አንድ በአንድ ወደ ታች ተዘረጉ።

አንድ...

ሁለት...

ሦስት።

እኛ ግን ቆመን ነበር።